ዊንዶውስ 11 "አይሆንም" ካላችሁ መጀመሪያ ባዮስ እዩ
ኮምፒውተራችሁን ወደ ዊንዶውስ 11 ልታሳድጉ ስትሉ መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ካስቆማችሁ አዲስ ለመግዛት አትሩጡ። ብዙ ጊዜ ጎደለ የሚለው ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ነው፣ እሱ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ውስጥ እያለ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ ስለሚመጣ ዊንዶውስ አያየውም፣ በተለይ ተገጣጥመው የተሠሩ ዴስክቶፖች ላይ።

ሪስታርት አድርጋችሁ ገና ሲነሳ ዲሊት ወይ ኤፍ 2 እየነካካችሁ (እንደየማሽኑ ይለያያል) ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ሴቲንግ) ግቡና ሴኩሪቲ ወይ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ ፈልጉ። ኢንቴል ከሆነ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤፍቲፒኤም ነው የሚለው፣ ስሙ ስለሚለያይ ነው ሰው አይቶት የሚያልፈው። ኢኔብል፣ ሴቭ፣ አለቀ፣ ከዛ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆነ የሚያየውን ቼክ ድገሙት።

ግን ድራይቩ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከተቆለፈ መጀመሪያ ሪከቨሪ ቁልፉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ባዮስ ስትነኩ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሌጋሲ የሚለውንም (የድሮው የማስነሻ ዘዴ) ዝም ብላችሁ ወደ ዩኢኤፍአይ (አዲሱ) አትቀይሩት፣ ዲስኩ ኤምቢአር በሚባለው በድሮው አከፋፈል የተከፈለ ከሆነ ዊንዶውሱ አይነሳም። ኢንቴላችሁ 7ኛ ጀነሬሽንና ከዛ በታች ከሆነ ግን፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ይሄ ዘዴ አያድናችሁም።