የጣና ገዳማትን ሥዕል በቪዲዮ ለማሳየት፦ ቻናል እንዴት ይከፈታል?

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ባሕር ዳር ተወልደው፣ ደሴቱን ከሐይቁ ዳር እያዩ ያረጁ እናቶች አሉ። ዘጌ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም ስሠራ ስለ ሥዕሎቻችን የቪዲዮ ቻናል እንክፈት ያልነው እነሱን አስበን ነው።

ከሁሉ በፊት ፈቃድ። ምን ይቀረጻል፣ ምን አይቀረጽም? ከአባቶች ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ታቦት ፈጽሞ አይቀረጽም።

ውድ ካሜራ አያስፈልግም፣ ደህና ስልክ ይበቃል። ገንዘቡን ለትራይፖድና ልብስ ላይ ለሚሰካ ማይክ አውጡት።

እኔን ያስለቀሰኝ ብርሃኑ ነው። ብራናዎቹ ያሉበትን ክፍል በፍሎረሰንት መብራት ቀኑን ሙሉ ቀረጽን። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው በሁሉም ቪዲዮ ላይ ጥቁር መስመር ይወርዳል። አንዱንም መጠቀም አልቻልንም። ምክንያቱን በኋላ ደረስንበት። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ስልካችን ደግሞ በሰከንድ 30 ምስል ነበር የሚቀርጸው፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ስለዚህ በሰከንድ 25 ምስል አድርጉት፣ የሻተሩን ፍጥነት (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ አስሩት። ብዙ ስልኮች ላይ «ፕሮ» በሚለው ውስጥ ይገኛል። ከዚያ አሥር ሰከንድ ብቻ ቅረጹና በትልቅ ስክሪን እዩት። ይህን ሳታደርጉ ሥራ አትጀምሩ።

እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ክብ ቤተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ የመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። እዚያ መብራት አትደግኑ፣ ያንጸባርቃል። የውጭ በሮቹን አስከፍታችሁ በጠዋት ብርሃን ሥሩ። ፍላሽ በጭራሽ።

አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ሥዕል። በአራት ደቂቃ ሃያ ሥዕል ማሳየት ምንም አለማሳየት ነው። ለምሳሌ በቆየው ሥርዓት ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ካሜራውን ዓይኑ ላይ አቁሙትና ሥዕሉን የሚያውቁት አባ በራሳቸው አነጋገር ያስረዱ። ከወረቀት አታስነብቧቸው፤ ድምፃቸው ይደርቃል።

ለቪዲዮ ብላችሁ የራሳችሁን ሰርቨር አታቁሙ፣ ወጪው አይቻልም። ዩቲዩብ ላይ ጫኑት። ዳታ ውድ ስለሆነ መጠኑ ያነሰ ቅጂ በቴሌግራም ልቀቁ። ዋናውን ቅጂ በሁለት ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡ።

ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ቪዲዮውን ከነጽሑፉ ለአባቶች አሳዩ። እኛ አንዱን ፈረሰኛ «ቅዱስ ጊዮርጊስ» ብለን ጽፈን ልንለቀው ነበር። አንድ ሽማግሌ አባት ገና ሲያዩት «ልጄ፣ ፈረሱን አላየኸውም?» አሉኝ። ነጩ ፈረስ የጊዮርጊስ ነው። የእኛው ጥቁር ነበር፣ የመርቆሬዎስ።