ሳይክል ልትገዙ ነው? ሰፈራችሁ የት ነው?

የኮሪደር ልማቱ አንዳንድ መንገዶች ላይ የሳይክል መስመር ይዞ ከመጣ ወዲህ «ሳይክል ልጀምር ነው፣ የቱን ልግዛ?» የሚሉኝ ጓደኞች በዝተዋል፣ እኔም መልሼ «ሰፈርህ የት ነው?» ነው ምላቸው ምክንያቱም ዳገታማው ሽሮሜዳ የሚኖር ሰውና ሜዳ የሚበዛበት ቦሌ የሚኖር ሰው አንድ አይነት ሳይክል አይገዙም። ባህር ዳርና ሀዋሳ ያላችሁ ደሞ ብዙ አትጨናነቁ፣ ከተማችሁ ሜዳ ነው፣ ማርሽ የሌላት ቱሪስት ሳይክል እንኳ ትበቃችኋለች። ይሄ በዋናነት ለአዲስ አበባ ሰው ነው።

እኔ የጀመርኩት በስህተት ነው። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ትልቁ የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ልቤ ኮርስ (የውድድር ሳይክል) ላይ ቀረ፣ ያገለገለ ኮርስ ፈልጌ ገዛሁ፣ ቀጭን ጎማ፣ ወደ ታች የተጠማዘዘ መሪ፣ ሲያዩት እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ችግሩ ከአስፋልቱ እስከ ቤቴ ኮብልስቶን ነው። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነበር የምገባው። ዳገት ላይ ደሞ የኮርስ ማርሽ ከባድ ነው፣ ከተማችን 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለጀማሪ ትንፋሽም ያጥራል፣ ስለዚህ እኔ ሳይክሏን ነዳሁ ከምል ገፋሁ ብል ይሻላል። ጎማዋ ሲተነፍስ ጎሚስታ ጋ ብሄድ ቫልቯ ቀጭኗ አይነት ሆና የሱ ማሽን አይገጥምላትም፣ አዳፕተር በኪሴ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ስለዚህ ስትገዙ ቫልቩ እንደ መኪና ጎማ ቫልቭ ወፍራም መሆኑን እዩ፣ የትም ያለ ጎሚስታ ይነፋላችኋል። ግን በትንሽ በትንሹ ንፋ በሉት፣ ያ ኮምፕረሰር ካላማዳሪያውን ባንዴ ነው ሚያፈነዳው፣ የአየሩ ልክ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

እና የቱ ይሻላል? ለኔ ማውንቴን (ለኮረኮንችና ለዳገት የተሰራው፣ ጎማው ወፍራም) ወይ ሃይብሪድ። ማውንቴን ስል ግን ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለውን፣ ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ የሚያብረቀርቀውን ርካሹን አይደለም። እሱን እርሱት በቃ። የኋላው ሞላ ዳገት ላይ በረገጣችሁ ቁጥር እየተጨመቀ ጉልበታችሁን ይበላል፣ ክብደቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከፊት ብቻ ሞላ ያለው ወይ ጭራሽ ሞላ የሌለው ይሁን። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ መሪውን ወደ ታች ተጫኑት፣ ሞላው ቋ ብሎ ከመታ ለጌጥ ነው የገባው። ኮረኮንች የማትነዱ ከሆነ ደሞ ጥርሱ የበዛውን ጎማ ለስለስ ባለ ቀይሩት፣ በጣም ይቀላችኋል። ሃይብሪድ ማለት በኮርስና በማውንቴን መሃል ያለ ነው፣ ሰፈራችሁ አብዛኛው አስፋልት ከሆነ እሱን ውሰዱ።

ልኩ ላይ አትሸወዱ። ሳይክሉን በሁለት እግራችሁ መሃል አድርጋችሁ መሬት ላይ ቁሙ፣ ከላይኛው ብረት በላይ ሶስት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር። መቀመጫውን ለማስተካከል ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ነው ሚነዳው ከዛ ጉልበቴን አመመኝ ይላል።

ያገለገለ ከሆነ ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፣ ቸርኬው ከተወላገደ ፍሬኑን ይነካል። ፔዳል የተሰካበትን ብረት ወደ ጎን ነቅነቅ አድርጉት፣ ከተላወሰ ኩሽኔታው አልቋል። መሪው አካባቢ የብየዳ ጥገና ካያችሁ ጥላችሁ ሂዱ፣ ቁልቁለት ላይ ቢሰበር ቀልድ አይደለም። ደረሰኝም ጠይቁ ባካችሁ፣ የተሰረቀ ይበዛል።

ማርሽ ላይ ደሞ፣ 21 ማርሽ ማለት ከፊት 3 ከኋላ 7 ነው፣ ለዳገት የፊቱን ትንሹን የኋላውን ትልቁን፣ የምትቀይሩት ግን ዳገቱ ሳይጀምር ነው፣ እየተጫናችሁ ከቀየራችሁ ሰንሰለቱ ይዘላል። ሰንሰለቱን በተቃጠለ ዘይት አትቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል፣ በነጭ ጋዝ አጥቡትና ሲደርቅ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ፣ የሲንጀር ዘይትም ይሆናል ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ደጋግሙት።

ለመለማመድ «መንገድ ለሰው» እየተባለ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ መንገድ የሚዘጋበት እሁድ ጥሩ ነው። እንጦጦን ለሁለተኛው ወር አቆዩት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ስትወርዱም ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ እንጂ አንዴ ጨምድዳችሁ ከያዛችሁት ይግላል።

ከተማ ውስጥ ከታክሲ ኋላ ከሆናችሁ «ወራጅ አለ» የሚለውን ስትሰሙ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ታክሲው ሳያሳይ ነው ወደ ቀኝ ሚታጠፈው። የባቡር ሀዲድ መሻገሪያ ላይ ደሞ ሀዲዱን በቀጥታ ቁረጡት፣ በሰያፍ ከሄዳችሁ ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ዝናብ ካለማ አለቀላችሁ። ንጋት ላይ ውሻ ካሯሯጣችሁ ልታመልጡት አትሞክሩ፣ ውረዱና ሳይክሉን በሱና በናንተ መሃል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ በእግር እለፉ፣ እኔን እስካሁን ሰርቶልኛል፣ አንድ ቀን ሱሪዬን ከመቀደዱ በቀር እሱም ፈርቼ ስላፈጠንኩ ነው።