በእጅ ጥላ የሚጫወቱት የሙዚቃ መሣሪያ እንዴት ይሠራል?

ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ፀሐይ ሞልቷል። ሴንሰር (ብርሃን ወይም ሙቀት የመሰለውን የሚለካ ዕቃ) ለመልመድ በብርሃን ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው። ዛሬ የምንሠራው ሳይነኩት፣ በእጅ ጥላ ብቻ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው።

አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ)፣ ብሬድቦርድ (ሳይበየድ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ጥቂት ሽቦ፣ ኤልዲአር የሚባለው የብርሃን ሴንሰር፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም፣ ባለ 1 ኪሎ ኦምና ባለ 220 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) አዘጋጁ። ስፒከር አትግዙ። ከተበላሸ ሬዲዮ የተፈታ ባለ 8 ኦም ይበቃል።

ኤልዲአር ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፤ ሲጨልምበት ያግዳል። አንድ እግሩን ቦርዱ ላይ 5 ቮልት ከሚለው ፒን፣ ሌላውን ኤ0 (A0) ከሚለው ጋር አገናኙ። ባለ 10 ኪሎ ኦሙን ከኤ0 ወደ ግራውንድ (GND የሚለው ፒን) አገናኙ። ስፒከሩን በ220ው በኩል ፒን 9 ላይ፣ ሌላ ጫፉን ግራውንድ ላይ።

ኮዱን ከባዶ አትጻፉ። ከአርዱይኖ ፕሮግራም ጋር በሚመጡት ምሳሌዎች ውስጥ፣ ዲጂታል በሚለው ሥር «ቶን ፒች ፎሎወር» አለላችሁ። የፒኑ ቁጥር 9 መሆኑን አይታችሁ ወደ ቦርዱ ጫኑት።

አሁን ሲሪያል ሞኒተሩን፣ ማለትም ቦርዱ የሚልከውን ቁጥር የሚያሳየውን የፕሮግራሙን መስኮት፣ ክፈቱ። ከ0 እስከ 1023 ያለ ቁጥር ይወርዳል። እጃችሁን ስታጠሉና ስታነሡ የሚታየውን ትንሹንና ትልቁን ጻፉ። ከዚያ ኮዱ ውስጥ ያሉትን 400 እና 1000 በነሱ ተኩ። ይህን እንዳትዘሉት! የእኔው ቤት ውስጥ አሪፍ ሠርቶ፣ ቀትር ላይ ግቢ ሳወጣው ቁጥሩ 980 አካባቢ ተቸክሎ ቀረ። መዳፌን ባጠላም ድምፁ ንቅንቅ አላለም። ለካ ለድሬ ቀትር 10 ኪሎ ኦም ይበዛል። በባለ 1 ኪሎ ኦሙ ስቀይረው ወዲያው ነፍስ ዘራ። ሬዚስተር በቀየራችሁ ቁጥር ግን እንደገና ለኩ።

እንዲሁ ከተዋችሁት ድምፁ እንደ ማሲንቆ ይንሸራተታል። እኔ ግን በትዝታ ቅኝት ሳደርገው ነው ደስ የሚለኝ። 262፣ 294፣ 330፣ 392 እና 440 ኸርዝን በአንድ ዝርዝር ጻፉ። ኮዱ ውስጥ ማፕ (map) በሚለው ትእዛዝ ያሉትን 120 እና 1500 ወደ 0 እና 5 ቀይሩ፤ ውጤቱን ኮንስትሬይን (constrain) በሚለው ትእዛዝ ከ0 እስከ 4 ገድቡት። የሚወጣው ቁጥር ከዝርዝሩ አንዱን ይመርጣል። መዳፍ ቀስ ብሎ ሲወርድ ድምፁ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ልጆች ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ማንሣት እምቢ ይላሉ።

ሲያልቅ ይዛችሁት ወደ ድሬዋ ሰፈር ወደ ከዚራ ውረዱ። ዛፍ ሥር፣ ብርሃን በቅጠል መሀል የሚያልፍበት ቦታ አስቀምጡትና እጃችሁን ሰብስቡ። ነፋስ ሲመጣ ቅጠሉ ራሱ ይጫወተዋል።