የካሚኖ ተሳላሚ ፓስፖርት፦ ከየት ይወሰዳል፣ ማህተሙስ እንዴት ይመታል?

በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጥግ ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ የምትባል ከተማ አለች። በካቴድራሏ የሐዋርያው ያዕቆብ አፅም እንዳረፈ ስለሚታመን፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሰው ከመላው አውሮፓ በእግሩ እየመጣ ይሳለማል። ያዕቆብ ሲባል የዘብዴዎስ ልጅ፣ የዮሐንስ ወንድም ነው፤ በእኛ ስንክሳር ሚያዝያ 17 የሚታሰበው። መንገዱን ካሚኖ ይሉታል። አንድ መንገድ ብቻም አይደለም፤ ከፈረንሳይ፣ ከፖርቱጋል፣ ከስፔን ሰሜናዊ ጠረፍ የሚነሱ ብዙ መስመሮች መጨረሻቸው እዚያው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ብቻ ወደ 500 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተጉዘው የምስክር ወረቀት ወስደዋል።

ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ታዲያ መራመድ ብቻውን አይበቃም። መራመዳችሁን ማሳየት አለባችሁ። ማሳያው ደግሞ ክሬደንሲያል የሚባለው የተሳላሚ ፓስፖርት ነው፤ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፎ የሚዘረጋ፣ ባዶ ሳጥኖች የተሰመሩበት ወፍራም ወረቀት። በየደረሳችሁበት ማህተም ታስመቱበታላችሁ። ድሮ ተሳላሚው ከአገሩ ቄስ ወይም ጳጳስ «ይህ ሰው ተሳላሚ ነው፣ መንገድ ስጡት» የሚል ደብዳቤ ይዞ ይወጣ ነበር። የአሁኑ ወረቀት የዚያ ልማድ ወራሽ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይጥራ። ፓስፖርት ቢባልም ድንበር አያሻግርም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ የምትሄዱ ከሆነ የሸንገን ቪዛችሁን እንደማንኛውም መንገደኛ ትጨርሳላችሁ። አውሮፓ የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ እሱንና ፓስፖርታችሁን አትርሱ፤ ማረፊያ ቤቶቹ ከክሬደንሲያሉ ጋር መታወቂያም ይጠይቃሉ።

ወረቀቱን መያዝ

ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንደኛው ከመነሳታችሁ በፊት በምትኖሩበት አገር ካለ የካሚኖ ማኅበር በፖስታ ማስላክ ነው። እንግሊዝና አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ። ፖስታ ጊዜ ስለሚፈጅ ቀደም ብሎ ማዘዝ ነው።

ሁለተኛው፣ እኔም የምመርጠው፣ መነሻችሁ ላይ መግዛት ነው። ዋጋው ጥቂት ዩሮ ቢሆን ነው። ከፈረንሳይ ድንበር ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ለሚነሳ በዚያችው ከተማ የተሳላሚዎች ቢሮ አለ። ተራራውን ተሻግሮ ስፔን ውስጥ ለሚጀምር ሮንሴስቫዬስ ይሰጣል። በፖርቱጋል መስመር ለሚሄድ የፖርቶ ካቴድራል አለ። ለሳንቲያጎ ቀረብ ካለችው ከሳሪያ ከተማ ለሚነሳ ደግሞ ከከተማዋ መውጫ ላይ ያለው የማግዳሌና ገዳም ይሸጣል። ሌላ ቦታ የምትጀምሩ ከሆነ ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ተሳላሚዎች ማረፊያ ጎራ በሉና ጠይቁ።

ስትገዙ ለአንድ ነገር አይናችሁን ክፈቱ። ሱቆች ውስጥ ለማስታወሻ የሚሸጡ የሚያማምሩ ደብተሮች አሉ። ለትዝታ መግዛት ትችላላችሁ። ማህተም የምታስመቱበት ግን የሳንቲያጎ ካቴድራል የሚቀበለው ይሁን።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ነው። ባልና ሚስት በአንድ አይጓዙም። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ለእነሱም የየራሳቸውን አውጡ። እመኑኝ፣ ማህተም ፍለጋ ላይ ልጆቹ ናቸው የሚቀድሙት።

መሙላት

የፊተኛው ገጽ ላይ ስማችሁን፣ የፓስፖርት ወይም የመታወቂያ ቁጥራችሁን፣ የምትነሱበትን ቦታ፣ የምትነሱበትን ቀንና በምን እንደምትጓዙ ትጽፋላችሁ፤ በእግር፣ በብስክሌት ወይም በፈረስ። ስማችሁ ልክ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ይሁን። እኛ ጋ በቤተሰብ ስም ፋንታ የአባት ስም ስለምንጠቀም ቅጹ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ብዙ አትጨነቁ፤ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ቅደም ተከተል ገልብጡ።

ቀኑን ደግሞ በፈረንጆቹ ጻፉ፤ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ወር። ይህ ለአብዛኛው አንባቢ ግልጽ ይመስላል። ግን ዕድሜ ልኩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የኖረ ሰው ድካም ላይ ሆኖ «10» ብሎ ሰኔን ሊጽፍ ይችላል። ለቢሮው ሠራተኛ 10 ኦክቶበር ነው።

ማህተም ማስመታት

የመጀመሪያው ማህተም የመነሻችሁ ነው። አንድ እርምጃ ሳትሄዱ አስመቱት። ወረቀቱን የሸጠላችሁ ቢሮ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ይመታላችኋል።

ከዚያ በኋላ ማህተም በየቦታው አለ። ቤተ ክርስቲያን፣ የተሳላሚ ማረፊያ፣ ካፌ፣ ቡና ቤት፣ ሆቴል፣ ማዘጋጃ ቤት፣ አንዳንዴም ፖሊስ ጣቢያ። «ሴዮ፣ ፖር ፋቮር» ካላችሁ ይገባቸዋል፤ ሴዮ ማህተም ማለት ነው። ብዙ ካፌዎች ውስጥ መጠየቅም አያስፈልግም። ባንኮኒው ጥግ ላይ ከቀለሙ ጋር ተቀምጧል፣ እንዳይጠፋ በገመድ የታሰረም አለ። ራሳችሁ ትመታላችሁ። ቡና ያልጠጣ ሰውም ይመታል፣ ማንም አይቆጣም። ግን ቤቱ ትንሽ ከሆነ አንድ ማኪያቶ ማዘዝ ወግ ነው።

አመታቱ ላይ ትንሽ ላቁማችሁ፣ ብዙ ወረቀት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። መጀመሪያ ማህተሙን ገልብጡና የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሆነ እዩ። ቀለሙ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጉት። ቀለሙ የደረቀ ከመሰላችሁ ናፕኪን ላይ ሞክሩት። ከዚያ ሳጥኑ መሀል አስቀምጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ካወዛወዛችሁት ጠርዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ካነሳችሁት በኋላ ወረቀቱን ወዲያው ማጠፍ የለባችሁም። እርጥብ ቀለም ታጥፎ ከተዘጋ ፊት ለፊት ያለው ሳጥን ላይ ተገልብጦ ይታተማል፤ ነገ የምትፈልጉት ባዶ ቦታ ተበላሸ ማለት ነው። ቡናችሁን እስክትጨርሱ ክፍቱን ይቆይ።

ደርቆም ካልሆነ ቀኑን አትጻፉ፣ ይጨማለቃል። እያንዳንዱ ማህተም ግን ቀን ሊኖረው ይገባል። ማረፊያ ቤቶች ራሳቸው ይጽፉላችኋል። ካፌ ውስጥ ራሳችሁ በእስክሪብቶ ጣል አድርጉበት። በቀኑ የሚያረጋግጡት መንገዱን በተከታታይ መሄዳችሁን ነው።

ሳሪያ አካባቢ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሰም አቅልጠው ባለቀለም ማህተም የሚያትሙ ሰዎች ታገኛላችሁ። ያምራል፣ ለፎቶም ይሆናል። ትንሽ ገንዘብ ይጠብቃሉ። ችግሩ ሰሙ ወፍራም መሆኑ ነው፤ ወረቀቱ አልታጠፍ ይላል፣ ሰሙም ይሰነጠቃል። ካማራችሁ ዳር ላይ ባለ ሳጥን አንድ አስመቱና በቃችሁ በሉ።

የመጨረሻው 100 ኪሎ ሜትር

ዋናው ነገር ይኸ ነው። ኮምፖስቴላ የሚባለውን ምስክር ወረቀት ለማግኘት በእግር ወይም በፈረስ ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር፣ በብስክሌት ከሆነ 200 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለባችሁ። በዚህ ርቀት ውስጥ በቀን ቢያንስ ሁለት ማህተም ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት በቀን አንድ ማህተም ሲያስመቱ የመጡ ሰዎች እዚህ ሲደርሱ ይዘናጋሉ። 700 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው ከሳሪያ ጀምሮ የመጣ ሰው የሚጠየቀውን ያንኑ ይጠየቃል። ደንቡ አልፎ አልፎ ስለሚሻሻል ከመነሳታችሁ በፊት የካቴድራሉን የተሳላሚዎች ቢሮ ድረ ገጽ አንዴ እዩ።

ሳሪያ ታዋቂ የሆነችው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሳንቲያጎ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ 100ውን በትንሽ ትርፍ ትሞላለች። በፖርቱጋል መስመር ቱይ፣ በእንግሊዞች መስመር ፌሮል ተመሳሳይ ቦታ ላይ ናቸው።

ከሳሪያ ብዙ ሰው በአምስት ቀን ይገባል፤ ፖርቶማሪን፣ ፓላስ ዴ ሬይ፣ አርሱዋ፣ ኦ ፔድሮውሶ እያደረ። የማህተሙ ቀመር ቀላል ነው፦ ቀን ላይ አንድ ካፌ ወይም ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ ማረፊያችሁ። ሁለት ሞላ። በመጀመሪያው ቀን ለምሳሌ ሳሪያ ላይ ጠዋት አስመትታችሁ፣ 100 ኪሎ ሜትሩን የሚያመለክተው ድንጋይ ባለበት በፌሬይሮስ አካባቢ አንድ ጨምራችሁ፣ ማታ ፖርቶማሪን ሦስተኛውን ትይዛላችሁ። በሦስተኛው ቀን ሜሊዴ ላይ ኦክቶፐስ የሚቀቅሉት ቤቶችም ማህተም አላቸው። ኦክቶፐስ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ከነፍስ አባታችሁ ጋር ጨርሱት።

ሁለቱ ማህተሞች ከተለያየ ቦታ ይሁኑ። ከአንድ ካፌ ሁለቴ መምታት ምንም አያረጋግጥም። በዚህ ርቀት ውስጥ አውቶቡስና ታክሲ መሳፈር አይፈቀድም። እግራችሁ ከታመመ አንድ ቀን አርፋችሁ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ማህተም ለቀማ ውስጥ የሚጠፋ ሰውም አለ። በቀን አሥር አስመትቶ አርሱዋ ሳይደርስ ሳጥኑ ያልቃል። ካለቀ ሁለተኛ ወረቀት ገዝታችሁ ቀጥሉ፣ ቢሮው ሁለቱንም አብሮ ያያል። ግን እውነቱን ለመናገር ሦስት ከበቂ በላይ ነው።

አያያዝ

ሳንቲያጎ ያለችበት የጋሊሺያ ክልል ዝናብ አገር ነው። ወረቀቱን ዚፕ ባለው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጉት። የሱሪ ኪስ አይሆንም፣ ላብ ያበሰብሰዋል። ደረት ላይ የምትታሰር ትንሽ ቦርሳ ትመረጣለች።

ሻንጣችሁን በመኪና ወደሚቀጥለው ማረፊያ የሚያደርሱ ድርጅቶች አሉ፣ መጠቀምም ይፈቀዳል። ክሬደንሲያሉን ግን ሻንጣው ውስጥ አትተዉት። ቀኑን ሙሉ ያለ ማህተም ትቀራላችሁ። ማታ ላይ ሻንጣው ከዘገየም መግቢያ የላችሁም፤ የሕዝብ የተሳላሚ ማረፊያዎች ያለ ክሬደንሲያል አያሳድሩም። አልበርጌ ነው የሚሏቸው። ርካሽ ናቸው፣ ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በተደራራቢ አልጋ ይተኛል። ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

በየማታው የወረቀቱን ሁሉንም ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ዋናውን አይተካም፤ ግን ከጠፋባችሁ ለቢሮው የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

ሳንቲያጎ ስትደርሱ

መጀመሪያ ካቴድራሉ ፊት ወዳለው አደባባይ ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ጫማችሁን አውልቁ። ቢሮው አይሄድባችሁም። የተሳላሚዎች ቢሮ ከአደባባዩ በእግር ጥቂት ደቂቃ በሆነች ካሬታስ በምትባል ጎዳና ላይ ነው። በስልካችሁ አስቀድማችሁ ትመዘገባላችሁ፤ ስም፣ አገር፣ መነሻና የጉዞ ምክንያት ነው የሚጠይቀው። ተራ ቁጥር ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። በአውሮፓ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ሰልፉ ይረዝማልና በማለዳ መሄድ ያዋጣል።

መስኮቱ ላይ ሠራተኛው ወረቀቱን ዘርግቶ የመጨረሻዎቹን ቀናት ማህተሞች በዓይኑ ይከተላል። ምክንያታችሁ ሃይማኖታዊ ወይም መንፈሳዊ ከሆነ በላቲን የተጻፈውን ኮምፖስቴላ በነፃ ትወስዳላችሁ። ለስፖርት ወይም ለሽርሽር ነው ካላችሁ ሌላ ዓይነት የምስክር ወረቀት አለ። ስማችሁ የላቲን አቻ ካለው በላቲን ይጻፋል፤ ማርያምና ዮሐንስ ወዲያው ይገኛሉ። ጥሩነሽ ግን እንዳለች ትገባለች። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር የሚገልጽ ተጨማሪ ወረቀት በሦስት ዩሮ ይሸጣል። ለሞተ ወይም መሄድ ለማይችል ሰው የተጓዛችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ስሙ አብሮ ይጻፋል።

ክሬደንሲያላችሁን የመጨረሻ ማህተም መትተው ይመልሱላችኋል። እግራችሁ ከፈቀደ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወደ ፊስቴራ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ እዚያም ሙሺያም የየራሳቸውን ምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ይህን ካሰባችሁ ጥቂት ሳጥኖች ባዶ ተዉ።