የቆዩ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር መኪኖች የፊት መስታወት፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በደብረ ብርሃን፣ በመንዝና በተጉለት መንገዶች ዛሬም የሚያገለግሉት የ40 ተከታታይ ላንድክሩዘሮች ጃፓን ውስጥ መመረታቸው እ.ኤ.አ. በ1984 ያበቃ ሲሆን፣ ሲሪዝ ሦስት ላንድሮቨር ደግሞ በ1985 ቆሟል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2021 ለ40 ተከታታይ መለዋወጫ እንደገና እንደሚያመርት ቢያስታውቅም፣ ቅድሚያ የሰጠው ለሞተር፣ ለኃይል ማስተላለፊያና ለጭስ ማውጫ ክፍሎች ነው። ስለዚህ የፊት መስታወቱን ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና ላይ መፈለግ፣ ካልሆነም እዚሁ መሥራት ግድ ይሆናል። የሁለቱም መኪኖች መስታወት ዝርግ በመሆኑ ሥራው የሚቻል ነው።

ምልክት፦ ድንጋይ ሳይመታው ከታችኛው ማዕዘን የሚነሣ ስንጥቅ።

በብዛት የሚመጣልኝ ይህ ነው። ባለቤቱ መንገዱን ወይም መስታወት ሻጩን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ መስታወቱን ዙሪያውን የያዘው የብረት ፍሬም ነው። መስታወቱን ከፍሬሙ ጋር በሚያያይዘው የጠርዝ ጎማ ሥር የገባ ውሃ መውጫ አጥቶ ጎማው የሚነክሰውን የላሜራ ጠርዝ ያዝገዋል፤ ዝገት ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እያበጠ መስታወቱን ከአንድ ነጥብ ላይ ይገፋዋል። ከሞላሌ በኩል የመጡ አንድ አባት በአንድ ክረምት መስታወት ደጋግመው አስቀይረው ነበር። ጎማውን ስናወጣው የታችኛው ጠርዝ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቶበት አገኘነው። ስቱኮ የበሰበሰ ብረትን አይተካም፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ የደንበኛውን ገንዘብ እያባከነ ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ለአደጋ እያጋለጠ ነው።

ፍሬሙን ከመኪናው አውርደው በዝርግ ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ክሮች አጥብቀው ሲወጥሩ መገናኛቸው ላይ ሳይጫጫኑ መነካካት አለባቸው። በመካከላቸው ክፍተት ካለ፣ ወይም አንዱ ክር ሌላውን ከተጫነው፣ ፍሬሙ ተጣሟል፤ የክሮቹ ርዝመት ከተለያየ ደግሞ ተንጋዷል። መጀመሪያ ይህን ያቃኑ። የበሰበሰውን ጠርዝ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጠው በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ ይተኩ፤ ብየዳው በአጫጭር ነጥቦች፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይሠራ፤ በአንድ ጊዜ ከተሳበ ሙቀቱ ያቃኑትን መልሶ ያጣምመዋል። ፀረ ዝገት ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ጎማ አያስገቡ።

መለኪያውን ከአሮጌው መስታወት ሳይሆን ከተጠገነው ፍሬም ይውሰዱ። ኮምፔንሳቶ ቆርጠው፣ ከሚገባው ጎማ ትንንሽ ቁራጮችን በየማዕዘኑ አስገብተው ይሞክሩት፤ መስታወቱ የትም ቦታ ብረት መንካት የለበትም። መስታወቱ በመካከሉ ፕላስቲክ ያለበት ባለ ሁለት ንብርብር ይሁን፤ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ይበቃል። የቤት መስኮት መስታወት በፍጹም አያስገቡ፤ ሲሰበር እንደ ቢላ ስለታም ሆኖ ፊት ላይ ይወርዳል። በሙቀት የጠነከረው ዓይነት ከተሠራ በኋላ ስለማይቆረጥ በልኩ ማሰራት ያስፈልጋል፤ ሲሰበርም በቅጽበት ሁሉም ይደቅና ሾፌሩ መንገዱን እንዳያይ ያደርገዋል፤ በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሚያውቀው መናገር አያስፈልግም። ጠርዙ በውሃ እየተሞረደ ይለስልስ፤ ከቆረጣው የቀረ ጥቃቅን ፍንቃይ ነገ የስንጥቅ መነሻ ነው።

ጎማውን ከልኩ ጥቂት አስረዝመው ይቁረጡ፤ ተለጥጦ የገባ ጎማ ተመልሶ ስለሚሸበሸብ መጋጠሚያው ይከፈታል። መጋጠሚያው ከላይ መሃል ላይ ይዋል። በሲባጎና በሳሙና ውሃ ያስገቡት እንጂ ግራሶም ሆነ የሞተር ዘይት አይቀቡት፤ ዘይት ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል።

ምልክት፦ የመስታወቱ ዳር እየነጣ መሄድ።

የኮምጣጤ ሽታ ያለው ርካሽ ሲሊኮን ተደርጎበታል። አሲዱ መካከሉ ያለውን ፕላስቲክ ከመስታወቱ ያላቅቃል፤ ብረቱንም ያዝጋል። የነጣው አይመለስም። ሲሊኮን የግድ ካስፈለገ አሲድ አልባውን ይግዙ።

ምልክት፦ በዝናብ ጊዜ ሾፌሩ እግር ላይ ውሃ መንጠባጠብ።

በፍሬሙና በቦዲው መካከል ያለው ጎማ ደርቋል፤ ይቀየር።

ምልክት፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ድንገት መሰንጠቅ።

ውርጭ በያዘው መስታወት ላይ ሙቅ ውሃ ፈሶበታል። ይህን ልማድ ይተዉ።

ፍሬሙን ወደ ቦታው ሲመልሱ የግራና የቀኙን ቡሎኖች እየተፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ። አንዱ ጎን ቀድሞ ከጠበቀ የተቃናው ፍሬም እንደገና ይጣመማል፤ አዲሱ መስታወትም ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲወጣ ከዚያው ማዕዘን ይሰነጠቃል።