እህል ሰጥተን እድር ስንከለክል፦ ከተፈናቃይ ጎረቤት ጋር የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቻይና ካምፕን ወይም ባቄሎን የማያውቅ የለም። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ብዙ ወገኖች የተጠለሉት እዚያ ነው። ቤት ተከራይተው ጎረቤት የሆኑንም አሉ። ከተማችን ያላትን አካፍላለች። ግን ሳናስበው የምናስቀይማቸው ነገር አለ።

«ስደተኛ» ማለት አንዱ ነው። ስደተኛ ድንበር ተሻግሮ ሌላ አገር የገባ ሰው ነው። እነዚህ በገዛ አገራቸው ነው ያሉት። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት የሚመለከተውም እንዲህ በአገራቸው ውስጥ የተፈናቀሉትን ነው።

«እንኳን አገራችሁ ገባችሁ» ማለትም ያማል። ብዙዎቹ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ወደ ወለጋ በሠፈራ የተወሰዱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የተወለዱት እዚያ፣ የአባታቸው መቃብር እዚያ። ኦሮምኛ ሲያወሩ ሰምቶ በጥርጣሬ ማየትማ በጣም ነውር ነው። አብረዋቸው ያደጉት ጎረቤቶቻቸው ቋንቋ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚከነክነኝ የእድሩ ነገር ነው። ሰው ሲፈናቀል በሬውን ብቻ አይደለም የሚያጣው። ለዓመታት ያዋጣበት እድርም እዚያው ይቀራል። እዚህ መጥቶ ሰው ሲሞትበት ድንኳን የሚተክልለት፣ ወንበር የሚያመጣለት፣ ልቅሶ የሚቀመጥለት ማን ነው? እድሮቻችን አዲስ አባልን ከፍ ያለ መመዝገቢያ ያስከፍላሉ። ነባሩ አባል ሲያዋጣ ስለኖረ ነገሩ ይገባኛል። በቀን ሥራ የሚያድር ሰው ግን ያን ገንዘብ በአንዴ ከየት ያመጣል? ትንሽ ትንሽ እያለ ይክፈል። እሱም አቅሙ ካልቻለ በጉልበት ያግዝ፤ መቃብር ይቆፍር፣ ድንኳን ይትከል። የእድር ዳኞች በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አጀንዳ ቢያነሱት ደስ ይለኛል።

ልብስ ስንሰጥም ወሩን አንርሳ። ብዙ ጊዜ የምናስታውሳቸው ለበዓል ነው። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ውርጩ የሚበረታው ኅዳርና ታኅሣሥ። ከሞቃት አገር ለመጣ ሰው ያኔ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ጆንያ ኩበት ትልቅ ነገር ነው።

ልጆቹን «ምን አየህ? ማን ሞተ?» ብሎ መጠየቅ ይቅር። ራሳቸው ካወሩ እንስማ።

ደግሞ ሁልጊዜ ሰጪ አንሁን። ጎረቤታችን ቡና አፍልታ ስትጠራን «ተዪው፣ ለልጆችሽ ይሁን» እንላለን። ያዘንላት ይመስለናል። እሷ ግን እንግዳ መቀበል ናፍቋት ነው የጠራችን። ገብተን እንቀመጥ፣ ሦስተኛውንም ጠጥተን እንውጣ።