የቅመም ሻይ መዓዛው እንዳይጠፋ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ቀረፋና ቅርንፉድ ጣዕማቸውን እስኪለቁ ድረስ ከቆላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቢፈሉ መልካም ነው። ጦስኝ ግን (ለእኔ ከጮቄ ደጋ የሚመጣው ከሁሉም ይበልጥብኛል) መዓዛው የሚገኘው በቀላሉ በሚተን ዘይቱ ውስጥ በመሆኑ አብሮ ሊፈላ አይገባም፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ተጨምሮና ተከድኖ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆይ። ስኳር ከመጨመሩ በፊት መቅመስም ይገባል፤ ቅርንፉድ የበዛበትን ሻይ ስኳር አያስተካክለውምና ትኩስ ውኃ ጨምሮ ማቅጠን ይሻላል።